የአባባ ቢጫ መኪና

ዉዲና፣ እርሻው ቤት
ማርች 9 ቀን 1997

ለወንድሜ ለትሬቨር፣

ጤናህን እንደምን ይዞሃል? እኛ አለን። ሮንዳም ሰላም ብላሃለች። ሰላምታዋ ግን እንደ ቀድሞው የሞቀ እንዳይመስልህ፤ ለገና ትመጣለህ ብላ ያነጠፈችልህ አልጋ እስካሁን እንደተነጠፈ ነው፣ ባለፈች ቁጥር እያየችው ታጉረመርማለች። መልስ ሳልጽፍልህ ይህን ያህል በመቆየቴ ይቅርታ። በመጀመሪያ የበጎቹ ሽለታ ያዘኝ፣ ከዚያ የውሃው ፓምፕ ተበላሸ፣ ከዚያ ደግሞ ደከመኝ። ከሦስቱ የባሰው የመጨረሻው ነው።

ስለ አሮጌው ፎርድ ለጠየቅከኝ፦ የለም። ልትወስደው አስበህ ከነበረ ዘገየህ። እማማ ትነዳው የነበረው፣ አንተም ሚስቴን ሮንዳን ሳይቀር አሳፍረህ አጥር የገባህበት ነጩ ፎርድ አሁን የጎረቤታችን የኪት ዶሮ ቤት ሆኗል። ዶሮዎቹ የኋላው ወንበር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ነውር የለውም፤ ያረጀ ነገር ነው። ወለሉ ዝጎ ተበስቶ፣ ስትነዳ መንገዱን በእግርህ መካከል ታየው ነበር።

በምን ተተካ ትለኝ ይሆናል። ቁጭ ብለህ አንብብ።

አባባ ለመነጽር ዓይኑን ሊለካ ከኪት ጋር ፖርት ሊንከን ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሮንዳ ልብስ ስታሰጣ አንድ ጉርምርምታ ሰማች፤ አውሎ ነፋስ መጣ ብላ ያሰጣችውን መልሳ መልቀም ጀመረች። ነፋስ አልነበረም። ቢጫ መኪና ነው። እንደ ሎሚ ልጣጭ ቢጫ፣ ከኋላው ክንፍ ያለው፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ወጣቶች ከተማ ውስጥ ጎማ ሲያቃጥሉበት የምታየው ዓይነት። ወንበሩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። አባባን ሮንዳ በአንድ እጁ፣ እኔ በሌላው ጎትተን አወጣነው።

«አባባ፣ ምንድነው ይሄ?» አልኩት።

«መኪና ነዋ። አይተህ አታውቅም?»

«የማን ነው?»

«ከውስጡ ያወጣኸው ማንን ነው?»

ደግሞ ሆልደን ነው፣ ትሬቭ፤ የፎርድ ባላንጣ። ሆልደን! የገዛ ወንድሙን ሆልደን ይዘህ ከመጣህ ከአጥር ውጭ አቁም ያለ ሰውዬ! ሮንዳ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ አልቆም ሲላት ኩሽና ገብታ አለቀሰች። ለምን እንደገዛው ብጠይቀው «አሮጌው አርጅቷል» ይለኛል። ለምን እንዲህ ያለውን? «ቀለሙ ይታየኛል» ይለኛል።

አንተን ይሰማሃል። እኔን አብሬው ስለምውል አይሰማኝም። እባክህ ጻፍለት።

ወንድምህ ኔቪል


አንዳሙካ
ማርች 27

ውድ ኔቭ፣

ደብዳቤህን የፖስታ መኪናው ሲያመጣልኝ መጠጥ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አትቆጣ። እዚህ የምንቆፍረው የከበረ ድንጋይ፣ ኦፓሉ፣ ከሚገኝበት ቀን የማይገኝበት ይበልጣል፣ ሰው መሳቅ ይፈልጋል። አንድ ክሮኤሽያዊ ጎረቤቴ «አባትህን እዚህ አምጣቸውና እኔ ልጃቸው ልሁን» አለኝ።

ሮንዳን ይቅርታ ጠይቅልኝ። ገና ላይ ልመጣ ነበር። እውነቴን ነው። አልጋውን ታንሳው።

ጤናዬን ጠይቀሃል፤ ደህና ነኝ። ቤቴን ብትጠይቅ፣ እንደምታውቀው ኮረብታ ውስጥ የተቆፈረ ነው፣ ሙቀት አይገባውም፣ ሰውም ብዙ አይገባውም። ሥራውን ብትጠይቅ፣ እሱን በሌላ ጊዜ።

ለአባባ አንድ ገጽ ጽፌ እዚህ ውስጥ ከትቼልሃለሁ። አታንብበው። ሐኪሙ ስለ ዓይኑ ያለውን ደግሞ አልነገርከኝም። ዘልለኸዋል። አንተ አንድ ነገር ስትዘልል ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅብሃለሁ።

ትሬቭ


ዉዲና
ኤፕሪል 20

ለትሬቨር፣

እንደምን ከረምክ? ለአባባ የላክኸውን አላነበብኩም። መስኮት ሥር ሄዶ፣ በአጉሊ መነጽር፣ ወረቀቱን ወደ ጎን ይዞ ረጅም ሰዓት አነበበው። አጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ከተተው። ምን አለ ብዬ ብጠይቀው «ሰላም ብሏል» አለኝ። ስለ መኪናው ተናግረኸው ከሆነ ምንም አልለወጠም።

የዘለልኩትን ይኸው። የዓይኑ መካከል እየሞተ ነው ይላል ሐኪሙ። ዙሪያውን ያያል፣ ፊት ለፊቱን አያይም። ሊያይህ ሲፈልግ አንገቱን እንደ ዶሮ ወደ ጎን ያዞራል። ጁላይ መግቢያ ላይ መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ ሲሄድ አያልፍም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፣ የፖሊስ ጣቢያው ሻምበልም ያውቃል። ባለፈው ሻይ ሊጠጣ መጥቶ አባባን «ክላሪ፣ የምትነዳት ነገር ከእኔ መኪና ትፈጥናለች፤ ብታመልጠኝ ምን አደርጋለሁ?» አለው። አባባ ምን አለ መሰለህ? «አንተን ለማምለጥ እሷ አታስፈልገኝም።» ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ቁልፉን ለምን አትወስድበትም ብትለኝ፦ ወሰድኩበት። ጠዋት ኮፍያውን አድርጎ ሄዶ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠ።  ምሳውን ሮንዳ በመስኮት አቀበለችው፣ ቀዝቃዛ የበግ ስጋ በዳቦ። በማግስቱም እንዲሁ። ሰው ሲያልፍ እጁን ያነሳል፣ ሰዎቹም ያነሳሉ። ኪት «አባትህ የት ሊሄድ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ አልቻልኩም፤ ቁልፉን ለአባባ መለስኩለት። ቃል አስገብቼው ነው፦ ከእርሻው አጥር ውጭ ላይወጣ፣ ቢበዛ እህል ጎተራው ድረስ፣ ያውም እኔ አጠገቡ ተቀምጬ። እስካሁን ቃሉን ጠብቋል። በዚያች መኪና ከበግ ጋር እኩል እንሄዳለን። የኋላችን አቧራ ይቀድመናል።

ደክሞኛል፣ ትሬቭ። ሰው ሲያመሰግነኝ ራሱ ይደክመኛል። «ጎበዝ ልጅ፣ አባትህን እንዲህ ስትጦር» ይሉኛል ሱቅ ውስጥ። ይህ ጎበዝ ልጅ ሌሊት የሚያየው ሕልም አባቱ ድንገት መንገድ ላይ ሰው ገጭቶ ሲመጣ እንደሆነ ማን ይነግራቸዋል? የእኔ ሕልም ነው የምልህ፣ የእሱ አይደለም። እሱ እንቅልፉን ይተኛል።

በደብዳቤህ የጎደለ ነገር አለ። ኪት ከፖስታ አመላላሹ የሰማው ነገር አለ፤ እኔ ላምነው አልፈለግሁም። አንተው ጻፍልኝ። ደግሞም አንድ ጥያቄ ለዓመታት ጠይቄህ በየጊዜው የምታልፈኝ አለ፦ ለምን አትመጣም? እሱንም።

ኔቪል


አንዳሙካ
ሜይ 11

ኔቭ፣

ጽሕፈቴ ከተጣመመብህ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። የሰማኸው እውነት ነው፣ ግን አጋንነውታል። አፈር ማውጫው ባልዲ ገመዱን ለቆ ቀኝ እጄ ላይ ወረደ። ሮክስቢ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ተኛሁ። ሁለት ጣት የለኝም። የቀሩት ደህና ናቸው፣ ሐኪሟ መልካም ሴት ናት፣ ጎረቤቴ ሾርባ ያመጣልኛል። ሾርባው ከአደጋው የባሰ ነው። በቃ ይኸው ነው። ለአባባ እንዳትነግረው። በተለይ ለእሱ።

ለምን አትመጣም ላልከኝ።

እማማን የቀበርን ቀን፣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ እኔ ጓዜን ጭኜ ስወጣ አባባ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። አንተ ወንበር ወደ አዳራሹ እየመለስክ ነበር፣ አልሰማህም። «የምትቆፍረው ነገር እስኪገኝ ድረስ ፊትህን እንዳታሳየኝ» አለኝ። ጮኾ አልነበረም። የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነበር።

አልተገኘም፣ ኔቭ። ትንንሽ ነገር ይገኛል፣ ለናፍጣና ለዳቦ የምትሆን። አንድ ጊዜ ትልቅ የመሰለኝ ነገር ተሰነጣጥቆ ወጣ። ምን ይዤ ልምጣ? አሁን ደግሞ ጎድዬ?

ሮንዳ አልጋውን ካላነሳችው ታንሳው በላት።

ትሬቭ


ዉዲና
ሜይ 29

ለትሬቨር፣

ነገርኩት።

ተቀየመኝ ከፈለግህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ ራት ላይ ፊቱን እያየሁ መዋጥ አቃተኝ። ሮንዳ «ወይ ንገረው፣ ወይ እኔ እነግረዋለሁ» አለችኝ። በበሩ ላይ ያለህን ግን አላነሳሁም፤ እሱ የአንተና የእሱ ነው። የእጅህን ብቻ ነው የነገርኩት።

ሹካውን አስቀመጠ። «የትኛው እጁ ነው?» አለ።

«ቀኙ።»

«ታዲያ በምን ይበላል?»

በግራው ይመስለኛል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ድንቹን ጨረሰ። ከዚያ «ከሮክስቢ ወዲያ መንገዱ አስፋልት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥርጊያ ነው፣ አቧራ ነው፣ ለምን ጠየቅክ አልኩት። «ለሚያመላልሱት ሰዎች አስቤ ነው» አለኝ። አላለቀሰም፣ አልተሳደበም። ምን እንደጠበቅኩ አላውቅም። አንተን ግን አንድ ነገር ልንገርህ፦ በዚያ ቀን የተናገረህን ልክ እንደ ሕግ ይዘህ እነዚህን ዓመታት ሁሉ መቀመጥህ አናዶኛል። እኔን በየቀኑ የሚለኝን ብትሰማ ኖሮ ጨረቃ ላይ ነበር የምሰፍረው።

ዘር ጀምረናል። ከማለዳ እስከ ጨለማ ትራክተር ላይ ነኝ፤ አባባን የምትጠብቀው ሮንዳ ናት። ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። እጅህን ንጹሕ አድርገህ ያዝ።

ኔቪል


አንዳሙካ
ጁን 15

ውድ ኔቭ፣

በስልክ «አባባ እኔ ጋ ነው፣ ደህና ነው» ከማለቴ የተሳደብከውን ሁሉ ሰማሁ። ከኋላዬ ተሰልፈው የቆሙትም ሰምተዋል፤ ሰላም ብለውሃል። ሳንቲሙ አልቆብኝ ነው እንጂ ዘግቼብህ አይደለም። ሮንዳንም ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። «ለበጎች ጨው ልግዛ ብሎኝ ነው በመኪናው የወጣው» ማለቷን ለአባባ ነገርኩት። «ጨውማ እገዛለሁ፣ ስመለስ» አለኝ።

የጠየቅከኝን ልመልስ። በመንገድ ማን አስተኛው? ኪምባ ላይ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት አልጋ ሰጠችው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን መኪናዋ ውስጥ ተኝቷል። ማንን ገጨ? ማንንም። የመንገዱን ጠርዝ ይዞ፣ ነጩን መስመር በዓይኑ ጥግ እየተከተለ፣ ብስክሌት በሚቀድመው ፍጥነት ነው የመጣው። ሦስት ተሳቢ የሚጎትቱት ትልልቆቹ መኪናዎች ጥሩንባ እየነፉ አልፈውታል። ከእነሱ አንዱ ሾፌር ፒምባ ላይ አቁሞ «ሽማግሌ፣ ይህን ፈረስ በበቅሎ እርምጃ የምታስኬደው ለምንድነው?» ብሎታል።

የመጣ ቀን ጎረቤቴ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ጠራኝ። «ትሬቭ፣ አንድ ቢጫ ነገር እየመጣ ነው። ሰው ሳይገፋው አይቀርም።» ወጣሁ። ቢጫነቱ የሚታወቀው ከጣሪያው ነው፤ የቀረው ቀይ አቧራ ነው። በሩ ድረስ መጥቶ ሞተሩን አጠፋ። አልወረደም። ለካ ብቻውን መውረድ አይችልም። በግራ እጄ ጎተትኩት።

አንገቱን ወደ ጎን አዞረና «ትሬቨር ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እጅህን አምጣ።»

ፋሻውን ወደ ዓይኑ ጥግ አስጠግቶ ያዘው። «ስንት ቀረ?»

«ሦስት።»

«ማንኪያ ለመያዝ ይበቃል» አለ። እጄን ግን አልለቀቀውም። እዚያው ቆመን ቀረን፣ ጎረቤቴ ፊቱን እስኪያዞርልን ድረስ።

ለምን እንዲህ ያለ መኪና እንደገዛ እኔም ጠየቅኩት። አልዋሸንም፣ ኔቭ፤ ያሳጠረልን ነው። ሻጩን እንዲህ አለው፦ «ሩቅ አገር ልጅ አለኝ። በመንገዱ ላይ ረጃጅም ተሳቢዎች አሉ። ዓይኔ ስለማይረዳኝ እነሱን ስቀድም በሌላው ሰው መስመር ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። ቶሎ የምትወረወር ስጠኝ።» ሻጩ ይህችን አሳየው። ታዲያ በመንገድ ስንት ቀደምክ ብዬ ጠየቅኩት። «አንድም» አለኝ። «ፈራሁ።» ይህን ሲል ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ራት ላይ በሩ ጋ ያለኝን አነሳሁበት። አንተ «የአንተና የእሱ ነው» ስላልክ ነው። በልቤ ስንት ጊዜ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ሳወጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። ማኘኩን አቆመ።

«እንዲህ ብያለሁ?»

«ብለሃል።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «አላስታውስም። የዚያን ቀን ነገር ብዙውን አላስታውስም። ብዬ ከሆነ ደደብ ነበርኩ። አንተም እስከዛሬ ሰምተኸኝ ከሆነ ከእኔ ትብሳለህ።» ከዚያ ሳህኑን ገፋልኝ። «ጨምርልኝ። ምንድነው ግን የምበላው?» የጎረቤቴ ሾርባ ነበር። ሁለት ሳህን በላ።

በስልክ «ቁልፉን ተቀበለው» ያልከኝን አሁን ስማ። ቁልፉን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጠረጴዛው ላይ ራሱ አስቀመጠው። «ፒምባን እንዳለፍኩ መንገድ ላይ ሰው ቆሞ አየሁ። ፍሬን ያዝኩ፣ ጥሩንባ ነፋሁ፣ አልነቃነቅ አለኝ። ቀስ እያልኩ ተጠግቼ ባይ ምልክት የተሰቀለበት እንጨት ነው» አለኝ። «እንጨት ሰው ከመሰለኝ፣ ሰው ደግሞ እንጨት ሊመስለኝ ነው። ያኔውኑ መመለስ ነበረብኝ። ግን ካንተ ይልቅ ቤቱ ራቀኝ።» ቁልፉን ወደ እኔ ገፋው። «በቃኝ። ለዚያኛው ንገረው። ደክሞታል፣ አያለሁ። ፊት ለፊቱን ነው እንጂ የማላየው፣ ሰውየውን አያለሁ።»

«ያኛው» አንተ ነህ።

ማርሹ ኦቶማቲክ ስለሆነ በአንድ እጅም ይነዳል። ፋሻው እስኪፈታልኝ ድረስ ከእኔ ጋር ይሁን። ከዚያ አመጣዋለሁ። እመጣለሁ ብዬ ስንት ጊዜ እንደዋሸሁህ ስለማውቅ፣ እንድታምነኝ አልጠይቅህም። አሁን አልጋዬ ላይ ተኝቷል፤ እኔ መሬት ላይ ነኝ። ያንኮራፋል። ኮረብታው ሁሉ ያንኮራፋል።

በጣም ተቆጥተህብኛል? በእሱስ? ንገረኝ። ደግሞ ምን ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጻፍልኝ፤ ምንም አላውቅም።

ትሬቭ


ዉዲና
ጁን 24

ለወንድሜ ለትሬቨር፣

ተቆጥቻለሁ ወይ? ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል፤ የለኝም። ሁለቱን ቀን ሻምበሉና እኔ በየመንገዱ ስንፈልገው እያንዳንዱ ጉድባ ውስጥ ቢጫ ነገር ነበር የሚታየኝ። አንተ ስትደውል መሬት ላይ ተቀምጬ ነው የተሳደብኩት። አሁን አልፏል። ለእሱ ይህን አትንገረው፤ ወይም ንገረው፣ እንደፈለግህ።

ስለ አያያዙ፦ ነጩን ኪኒን ከምግብ ጋር ነው የሚውጠው። ዋጥኩ ይልሃል፤ ምላሱን ከፍ አስደርገህ እይ። ሽንኩርት አልወድም ይልሃል፤ ቀቅለህ ደፍጥጠህ ስጠው፣ ይበላዋል። ጫማውን ሲያስር አትርዳው፣ ይቆያል ግን ይችላል። ጠዋት ጠዋት «ዶሪን የት ሄደች?» ብሎ ሊጠይቅህ ይችላል። ሁልጊዜ አይደለም። እማማ ሞታለች ብለህ አታርመው። እኔ መጀመሪያ ላይ አርመው ነበር፣ በየጊዜው እንደ አዲስ ይሰማዋል። «ትመጣለች» አልለውም፣ መዋሸት አልሆነልኝም። ሻይ ነው የማቀርብለት። ሻዩን ይጠጣና ራሱ ያስታውሳል። ያን ጊዜ አጠገቡ ተቀመጥ። ምንም አትናገር፣ ተቀመጥ ብቻ።

ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም። ሮንዳ ራሷ ግማሹን አታውቀውም።

ትናንት ዘሩን ጨረስን። ከምሳ በኋላ እኔና ሮንዳ ሻይ ይዘን በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ከውስጥ የሚጠራን ሰው አልነበረም። «ምን እናውራ?» አለችኝ። አሰብን አሰብን፣ ምንም አልመጣልንም። እሷ መሳቅ ስትጀምር እኔ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ወስዶኛል። ስነቃ ብርድ ልብስ ደርባልኛለች፣ ፀሐይዋ ገብታለች፣ ሻዩ ቀዝቅዟል። እንደዚያ የተኛሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

እና አትቸኩሉ። ጁላይም ይሁን ኦገስት ይሁን፣ እጅህ ይዳን። ስትመጡ ግን አንድ ነገር ላስቸግርህ። ከፒምባ ወደ ደቡብ መንገዱ ቀጥ የሚልበት፣ አድማስ ድረስ ፊት ለፊትህ ምንም የማይታይበት ቦታ አለ። ፖሊስም የለ፣ በግም የለ። እዚያ ስትደርስ እርግጠኛ ሁን፣ ከኋላህም ከፊትህም እይ፣ ቀበቶውን አጥብቅለት። ከዚያ ርገጣት። ሰውየው ያቺን መኪና ገዝቶ ከበግ ጋር እኩል ሲሄድባት የከረመው በእኔ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ትምዘግዘግለት። አያየውም፣ ግን በጀርባው ይሰማዋል።

ያን ጊዜ አባባ ምን እንዳለ ጻፍልኝ።

ወንድምህ ኔቪል